ያፈረስነው የዕድር ቤት

የማርከር ሽታ በሸተተኝ ቁጥር ዛሬም ልቤ ደንገጥ ይላል። ባለፈው ሰሞን የወንድሜ ልጅ ማህሌት ቤቴል ሰፈር ከሚሰጥ ስልጠና ስትመለስ ጣቶቿ በሰማያዊና በቀይ ቀለም ተዥጎርጉረው ነበር። እጇን ሳትታጠብ ሶፋው ላይ ዘፍ ብላ «አክስቴ፣ የፕሮጀክት አመራር መሠረታዊ ነገሮችን እየተማርን እኮ ነው፤ ጭንቅላቴ ሊፈነዳ!» ስትለኝ ያ አፍንጫ የሚወጋ፣ ትንሽ የሚያዞር ሽታ ክፍሉን ሞላው። ሌላው የእኔ ዘመን ሴት የሠርጓን ሽቶ ታስታውስ ይሆናል፤ የእኔ የወጣትነት ሽቶ ግን ይኸው ነው። ሳቅሁና «እኔም እኮ ተምሬዋለሁ፤ ያውም አንቺ ሳትወለጂ» አልኳት። አላመነችኝም። የዛሬ ልጆች ከኢንተርኔት በፊት ሰው ትምህርት የሚባል ነገር ያየ አይመስላቸውም።

እውነቴን ነው፤ ተምሬዋለሁ። መንግሥት ተለውጦ አገሩ ሁሉ አዲስ ቃል ይማር የነበረ ጊዜ ነው። በየግድግዳው «ልማት» ይጻፋል፣ በየስብሰባው «ተሳትፎ» ይባላል፣ የትናንቱን ቃል የሚናገር ሰው ልክ የቆየ ልብስ እንደለበሰ ሰው ይታያል። ዓመተ ምሕረቱን አትጠይቁኝ፤ እኔ ዓመት የምቆጥረው በጫማ ነው። ኮንጎ ጫማዬን ጥዬ ተረከዙ አጠር ያለ ጥቁር ቆዳ ጫማ የገዛሁበት ዓመት ነበር። ትከሻው ላይ ስፖንጅ ያለበት ኮት ደርቤ፣ ፀጉሬን በቢጉዲን ጠቅልዬ ፈትቼ ከኮልፌ አጠና ተራ ቁልቁል ስወርድ ራሴን የሚኒስትር ጸሐፊ አድርጌ ነበር የማየው። አባቴ ከሀዲያ መጥቶ እዚያው አጠና ተራ ቀርከሃና ባሕር ዛፍ ይሸጥ ነበር። የሰፈሩ ሽታ አዲስ የተላጠ ባሕር ዛፍ ነው፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ ከጭቃው ጋር ተቀላቅሎ ሌላ ሽታ ይሆናል። ማዕዘኑ ላይ አንድ ሻይ ቤት ነበረች፤ ሻይ በስሙኒ፣ ቦምቦሊኖ በስሙኒ። ባለቤቷ አንድ ካሴት ብቻ ነበራት መሰለኝ፣ ከጠዋት እስከ ማታ ስለምታጫውተው ክሩ ተለጥጦ ዘፋኙ ጉንፋን የያዘው ይመስል ነበር። እኛ ግን እንወደው ነበር፤ ኋላ ዘፈኑን በደህና ካሴት ስሰማው ጎደሎ ሆነብኝ። አሁን በዚያ ማዕዘን መስታወት በመስታወት የሆነ ሕንፃ ቆሟል፤ ሻይ ስንት እንደሆነ ሲነግሩኝ ስኳሩን መልሱልኝ ለማለት ይቃጣኛል።

አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ ውጤቴ ለዩኒቨርሲቲ ሳይበቃ ቀረና አንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት የሰፈር አስተባባሪ አድርጎ ቀጠረኝ። የፕሮጀክቱ ኃላፊ ተሾመ ይባላል። ከእኔ ጥቂት ዓመት ቢበልጥ ነው፤ ቡናማ የኮርዱሮይ ጃኬት ነበረው፤ ክርኑ ላይ ቆዳ የተለጠፈበት። ያንን ጃኬት በሐምሌም በግንቦትም ይለብሰዋል። አዲስ የተቀጠርነውን ሁሉ በቆርቆሮ አዳራሽ ሰብስቦ ስልጠና ሰጠን። ዝናብ ሲጥል ድምፅ ስለማይሰማ ትምህርቱ ይቆምና ሁላችንም ጣሪያውን ቀና ብለን እያየን እንስቅ ነበር። ትልልቅ ነጭ ወረቀት እንጨት ላይ ሰቅሎ፣ ማርከሩን በጥርሱ ከፍቶ ይጽፋል። አስተማሪነቱ ግሩም ነበር፤ ይህን አልክድም፣ ክህደቱን ለእሱ ትቼለታለሁ። «ሠርግ ፕሮጀክት ነው» አለን በመጀመሪያው ቀን። «መጀመሪያ አለው፣ መጨረሻ አለው፣ በጀት አለው፣ የሚኮራረፉ ባለድርሻ አካላትም አሉት።» ክፍሉ በሳቅ ሞላ፤ እኔ ግን ከሳቄ ጋር አንድ ነገር በራልኝ። ዓላማ ምን እንደሆነ፣ ከዓላማው ሥር ሥራ እንዴት እንደሚዘረዘር፣ ሊበላሽ የሚችለው ነገር አስቀድሞ እንዴት እንደሚታሰብ፣ ማን እንደሚጠቀምና ማን እንደሚጎዳ መጠየቅን ከእሱ ተማርኩ። ከሁሉም በላይ የሚወደው ጥያቄ «ከምን በፊት ምን?» የምትለው ነበረች። «እጃችሁን ከማንሳታችሁ በፊት ይህችን ጠይቁ። አዲሱ ሳይረጋገጥ አሮጌውን የሚያፈርስ ሰው ሜዳ ላይ ያድራል» ይለን ነበር። ፈጥኖ የሚገባኝ መሆኔን ሲያይ ከስልጠናው በኋላ እየቆየ ሰው ፊት ቆሞ መናገርን አለማመደኝ። ወንድም የለኝም አልልም፣ አለኝ፤ ግን ማንም ወንድሜ «አስካለ፣ አንቺ እኮ መሪ ነሽ» ብሎኝ አያውቅም።

ፕሮጀክታችን የሕፃናት መዋያ መሥራት ነበር። የአጠና ተራ ሴቶች ልጆቻቸውን የሚያውሉበት ስላልነበራቸው ይዘዋቸው ይመጣሉ፤ ሕፃናቱ የአጠና ክምር ሥር ጆንያ ላይ ተኝተው ይውላሉ። ክምር መናዱ አይቀርም። እኔ ራሴ እዚያ ጆንያ ላይ ነው ያደግሁት፤ ስለዚህ ለሌላው ሠራተኛ ሥራ የነበረው ለእኔ የግል ጉዳይ ነበር። ገንዘቡን ከውጭ የሚመጡ ለጋሾች ይሰጣሉ፣ ሰፈሩ ደግሞ መሬት ያዋጣል ተባለ። በዚያ በተጨናነቀ ሰፈር ለዚህ የሚበቃ ቦታ አንድ ብቻ ነበር፤ የዕድራችን ቤት ያለበት።

የዕድር ቤት ለማያውቅ ሰው የጭቃ ግድግዳና የቆርቆሮ ክዳን ነው። ለእኛ ግን የሰፈሩ ክብር እዚያ ውስጥ ነበር። ዕድራችን ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አብሮ የገባበት ነው፤ ድንኳኑና አግዳሚ ወንበሩ የጋራ፣ ድስቱና ትሪው ግን የሙስሊሞቹ በቀኝ መደርደሪያ፣ የእኛ የክርስቲያኖቹ በግራ መደርደሪያ ለየብቻው ነበር የሚቀመጠው። ቁልፉን የሚይዙት እትዬ ዘይነባ ነበሩ፤ ጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ፣ ፈርጠም ያሉ፣ የማያምኑትን ሰው ሻይ እንኳን የማይጋብዙ ሴት። እኔን ግን እንደ ልጃቸው ነበር የሚያዩኝ፤ ለዓረፋ ምሳ ሳልቀመጥ ቀርቼ አላውቅም፣ ለእኔ የሚሆነውን ለብቻው ያሠራሉ፣ ጾም አለመሆኑንም አስቀድመው ያጣራሉ። የዕድሩ ሊቀመንበር ጋሼ ወልዴ ደግሞ የአባቴ ጓደኛ ነበሩ።

ስብሰባው ላይ ተሾመ አጠገቤ ተቀመጠ እንጂ ብዙ አልተናገረም፤ «ሰፈሩ የሚሰማው አንቺን ነው» ብሎ መድረኩን ለእኔ ለቀቀልኝ። የተማርኩትን ሁሉ ተናገርኩ። ሰው ራሱን እየነቀነቀ ሰማኝ። በመጨረሻ እትዬ ዘይነባ ነጠላቸውን ወደ ኋላ ጣል አድርገው ተነሡና «የኔ ልጅ፣ ሐሳቡ ቆንጆ ነው። ቤቱ ከፈረሰ በኋላ ሰዎቹ ባይመጡስ?» አሉኝ።

«እኔ አለሁ እትዬ። እምላለሁ፣ ኃላፊነቱ በእኔ ይሁን!» አልኩ።

ጋሼ ወልዴ «ልጃችን ካለችማ አለቀ» ብለው መረቁን። ሰውም አሜን አለ። ተሾመንም በዚያው ቀን የዕድሩ አባል አደረጉት፤ አብሮን በላ፣ አብሮን ተመረቀ። ማታ ወደ ታክሲ ስሸኘው ያችኑ የራሱን ጥያቄ ጠየቅሁት። «ተሾመ፣ ከምን በፊት ምን? የገንዘቡ ነገር ሳይጸድቅ ቤቱ ቢፈርስ ትክክል ነው?» አልኩት። ሳቀብኝ። «ተማሪዬ አስተማሪ ሆነች! አለቀ በይ፤ አንቺ አስፈርሺ። ለጋሾቹ እንግዶች ሲመጡ የተዘጋጀ መሬት ማየት አለባቸው» አለና ውይይት ታክሲ ላይ ዘለለ። ውይይት የምንላት ተሳፋሪው ፊት ለፊት ተያይቶ የሚቀመጥባት ታክሲ ነበረች፤ ሰው ሳይተዋወቅ ገብቶ ተጨቃጭቆ ይወርድባታል። አሁን ሁሉም ስልኩን አቀርቅሮ ነው የሚሄደው፣ መጨቃጨቁም ናፈቀኝ።

ቤቱ የፈረሰ ቀን ሠርግ ነበር የሚመስለው። ወንዶቹ ቆርቆሮውን እየነቀሉ ያቀብላሉ፣ ሴቶቹ ድስቱንና ትሪውን ተሸክመው እየዘፈኑ በየቤቱ ያደርሳሉ። ድንኳኑን አንዱ ቤት፣ ወንበሩን ሌላው ቤት አስቀመጥን፤ «ለጥቂት ጊዜ ነው» እየተባባልን። እትዬ ዘይነባ ቁልፉን በእጃቸው ይዘው በር የሌለውን ቦታ ቆመው ሲያዩ አስታውሳለሁ። ከዚያ እንግዶቹ በነጭ መኪና መጡ፤ ባዶውን መሬት አዩ፣ አጨበጨቡ፣ ከሴቶቹ ጋር ፎቶ ተነሡ፣ ሄዱ። ተሾመ የዚያን ቀን አዲስ ክራባት አስሮ ነበር።

ከዚያ ዝም ሆነ። ሳምንቱ ሳምንትን ወለደ፣ ሰው እኔን መንገድ ላይ እያስቆመ «አስካለ፣ እንዴት ሆነ?» ይለኛል፤ እኔም «በቅርቡ» እላለሁ። ክረምቱ ሊገባ ሲል ተሾመ ቢሮ ጠርቶኝ በሩን ዘጋ። ፕሮጀክቱ ወደ ሌላ ከተማ ተዛውሯል አለኝ። ጠረጴዛው ላይ ተደፋ። ዓይኑ እንባ አቅርሮ «እኔንም አታለሉኝ፣ አስካለ። ከላይ ነው የወሰኑት፤ እኔም እንዳንቺ ዛሬ ነው የሰማሁት» አለኝ። እኔ ነኝ ያጽናናሁት! ውሃ ቀድቼ አጠጣሁት። ብዙም ሳይቆይ ከፍ ወዳለ ሥራ ተዛወረ፤ እኔ ደግሞ ሰፈሩ ውስጥ ቀረሁ።

በዚያው ክረምት ጋሼ ወልዴ አረፉ። ድንኳኑን ስናወጣ የተቀመጠበት ቤት ያፈስ ስለነበር ሻግቶ፣ ሲነኩት የሚቀደድ ሆኖ አገኘነው። ሙሉ ዕድሜያቸውን ሌላውን በወጉ ሲሸኙ የኖሩት ሰው ለቅሶ ላይ ከሌላ ሰፈር ድንኳን ለመንን፤ እስኪመጣ ድረስ ለቀስተኛው ዝናብ ላይ ቆመ። ሰው ወደ እኔ አያይም ነበር፤ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። አንዱ ጎልማሳ «የት አለ ያ አባላችን?» ሲል ተነሥቼ «እሱም ተታሎ ነው፤ በእሱ አትፍረዱ» አልኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራዬ ይህ ሆነ። በየለቅሶው፣ በየሠርጉ፣ በየፌርማታው ለተሾመ ስከላከል ኖርኩ። እትዬ ዘይነባ ሰላምታዬን አልነፈጉኝም፤ ግን የዓረፋው ምሳ ጥሪ በዚያው ቀረ። ዕድሩ ውሎ አድሮ ሌላ ቤት ሠራ። ያ ባዶ መሬት ደግሞ ከእጅ ወደ እጅ ዞሮ ዛሬ የሞባይል ሱቅና ቡቲክ ነው፤ ሕፃን አልዋለበትም። እኔ ከዚያ በኋላ ብዙ መሥሪያ ቤት ሠርቻለሁ፣ ከሰፈሬ ግን አልወጣሁም። ብወጣ ሸሸች ይሉኛል ብዬ ነው።

ወደ ማህሌት ልመልሳችሁ። እጇን ታጥባ መጥታ ቆሎ እየቆረጠመች «ዛሬ አሰልጣኛችን የነገረን ታሪክ ግን ያስቃል፣ ያናድዳልም» አለችኝ።

«ምን ነገራችሁ?»

«የሆነ ሰፈር ነው አሉ። አንዲት አስተባባሪ ነበረች፣ ፕሮጀክቱ ወደ ሌላ ከተማ እንደተዛወረ ኃላፊዋ እንግዶች ከመምጣታቸው በፊት ሰምቶ፣ ‹ቆይ፣ ለሰው ምንም ቃል እንዳትገቢ› ብሏት ነበር። እሷ ሆዬ ሰፈሯ ላይ ትልቅ ሰው ለመባል የዕድሩን ቤት አስፈረሰችው! በቡድን ተወያየንበትና ጥፋቱ የሴትዮዋ ነው አልን። አሰልጣኙም ልክ ናችሁ አለ። ከሥልጣን በላይ ቃል መግባት ይባላል።»

አሰልጣኙ ማን እንደሚባል ጠየቅኋት። «ጋሽ ተሾመ። ሽበቱ እንዴት እንደሚያምርበት!» አለችኝ።

ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ይላሉ፤ እኔ የወደቅሁት ግን ሰው ሁሉ ከተነሣ በኋላ ነው። ውሸቱ ብቻ አይደለም ያቃጠለኝ። በውሸቱ ውስጥ ሳያስበው አንድ እውነት አምልጦታል፤ እንግዶቹ ከመምጣታቸው በፊት ያውቅ ነበር። ሴቶቹ ድስት ተሸክመው ሲዘፍኑ ያውቅ ነበር፤ «አለቀ በይ» ሲለኝም ያውቅ ነበር ማለት ነው። ባዶውን መሬት የፈለገው ለራሱ ነበር፤ ለእንግዶቹ የሚያሳየው ነገር እንዲኖረው። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ «አያውቅም ነበር» እያልኩ ለሰው ስምል፣ እሱ በየአዳራሹ እኔን ጥፋተኛ አድርጎ እያስተማረ እንጀራውን ይበላ ነበር። አለቀስኩ፤ በንዴት ነው። ማህሌት ደንግጣ ስትጠይቀኝ ሴትዮዋ እኔ መሆኔን ነገርኳት። ልጅቷ ቆሎውን አስቀምጣ ፊቷን ቀለሙ ባልለቀቀ እጇ ሸፈነች።

በማግስቱ ከሰፈሬ ታክሲ ይዤ ቤቴል ወረድኩ። ለሻይ ዕረፍት ወጥተው ነበር። ኮሪደሩ ላይ አየኝ፣ እጆቹን ዘርግቶ «አስካለ! የመጀመሪያ ተማሪዬ!» ብሎ አቀፈኝ። ዛሬ ጃኬቱ ሌላ ነው፣ ሽቶውም ውድ ነው። «እንግዶቹ ከመምጣታቸው በፊት ሰምተህ ነበር?» አልኩት ብቻ።

ዞር ዞር ብሎ አየ። «ኧረ ቀስ በይ፣ ልጆቹ ይሰማሉ። ስምሽን እኮ አልጠራሁም። ለትምህርት እንዲመች ተብሎ ትንሽ የተለወጠ ታሪክ ነው።»

«ለእኔ ነግረኸኛል?»

ድምፁን ዝቅ አድርጎ «የሥራ ውሌ ሊያልቅ ነበር፤ ልጅም ተወልዶልኝ ነበር። ውሳኔው ይታጠፋል ብዬ ተስፋ አደርግ ነበር። ምን ላድርግ?» አለኝ።

«አሁን የምታደርገውን ልንገርህ። እትዬ ዘይነባ በሕይወት አሉ። ቅዳሜ ኮልፌ ና። ‹አስካለ አታውቅም ነበር› በላቸው። ሌላ ምንም አልፈልግም፣ ይቅርታህንም አልፈልግም።»

«እመጣለሁ። በእናቴ እመጣለሁ» አለኝ፤ ስልኩን አውጥቶ ቀኑንና ሰዓቱን መዘገበ፣ እንዲያስታውሰው ደወል አደረገበት። እኔም፣ ሞኝ አይሙት እኮ ነው ነገሩ፣ ድጋሚ አመንኩት።

ቅዳሜ ድሮ ወደ ታክሲ የሸኘሁበት ፌርማታ ላይ ቆሜ እያንዳንዱን ታክሲ አየሁ። ፀሐዩ እስኪበርድ ቆምኩ። ስደውልለት ስልኩ ይጠራል፣ አያነሣውም። ኋላ በማህሌት በኩል «አስቸኳይ ሥራ ገጠመኝ በያት» የሚል መልእክት ደረሰኝ። ለልጅቷ የምስክር ወረቀቷን ሲሰጣት በፈገግታ ነው አሉ።

ብቻዬን ሄድኩ። እትዬ ዘይነባ አሁን ከአልጋቸው ብዙ አይነሡም፤ ልጃቸው ትራስ ደግፋላቸው ተቀመጡ። ዓይናቸው ደክሟል፣ ጆሯቸው ግን እንደ ድሮው ነው። ጎናቸው ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኳቸው። ተሾመ ያውቅ እንደነበር፣ እኔ እስካለፈው ሳምንት ድረስ እንዳላወቅሁ፣ ሊመጣ ምሎ እንደቀረ። ሳያቋርጡኝ ሰሙኝ።

«እሱማ ያውቅ ነበር» አሉኝ። «ፎቶ ሲነሣ ዓይኑን አይቼዋለሁ። ስለሱ መቼ ተጨነቅሁ? በየለቅሶው ተነሥተሽ ስትከላከይለት ጊዜ፣ ይቺም አብራ ታውቅ ነበር ማለት ነው አልኩ። ያዘንኩት ባንቺ ነው።»

«ወላሂ አላውቅም ነበር፣ እትዬ!» አልኩ። በእሳቸውም በእኔም አምላክ ማልኩ፣ በጋሼ ወልዴ አፈር ማልኩ።

እጄን ፈልገው ያዙት። መዳፋቸው ቀዝቃዛ ነበር። «ያኔም እኮ ምለሽልናል፣ የኔ ልጅ» አሉኝ፤ በቁጣ አልነበረም፣ ልጅ እንደሚያባብል ሰው ቀስ ብለው ነው። «አሁን ማን ይመስክርልሽ?»

ምስክሬ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ሰኞ ቤቴል አዲስ ሰልጣኞች ይቀበላል።